የኢንዱስትሪ ሃይጅን ማስተርስ ለወሎ ሰው፦ ደሴ፣ ጎንደር፣ አዲስ አበባ፣ ባህር ማዶ ወይስ አጫጭር ሞጁሎች?

ኮምቦልቻ ላይ አንድ ፋብሪካ «የሙያ ደህንነትና ጤና ባለሙያ» ብሎ ማስታወቂያ ሲለጥፍ ሲቪ ይዘው የሚመጡት ሰዎች ትምህርታቸው ለየቅል ነው። የአካባቢ ጤና ምሩቅ አለ፣ ነርስ አለ፣ ኬሚካል መሐንዲስ አለ፣ አንዳንዴም ማኔጅመንት ተምሮ «ሴፍቲ ላይ ሠርቻለሁ» የሚል ይመጣል። ከመካከላቸው አንዱ ይቀጠራል። ብዙም ሳይቆይ ግን የተማረው ትምህርት ለሥራው እንደማይበቃው ይገባውና መጠየቅ ይጀምራል፦ ማስተርሱን የት ልማር? ምን በሚባል ትምህርት ክፍል?

የሚያደናግረው አማራጭ መጥፋቱ ሳይሆን ተበትኖ መቀመጡ ነው። የኢንዱስትሪ ሃይጅን፣ ማለትም በሥራ ቦታ ጤና የሚጎዳውን ነገር የመለየት፣ የመለካትና የመቀነስ ትምህርት፣ አንዱ ቦታ በሕብረተሰብ ጤና ሥር፣ ሌላው ቦታ በአካባቢ ጤና ወይም በሙያ ጤናና ደህንነት ሥር፣ አልፎ አልፎም ምህንድስና ውስጥ ይገኛል። በዚያ ላይ የአምስት ቀን ሥልጠና የሚሰጡ ተቋማት የምስክር ወረቀታቸውን ከዲግሪ እኩል አድርገው ያስተዋውቃሉ። ስለዚህ የተቋም ስም ከማነጻጸራችን በፊት መመዘኛውን እናስቀምጥ።

ሥራው ምን ይጠይቃል?

ወሎ ውስጥ ለዚህ ሙያ የሚሆን ሜዳ ሞልቷል። ኮምቦልቻን ብቻ ብንወስድ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ቆዳ፣ ዱቄት፣ ቆርቆሮና ብረታ ብረት አለ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ የልብስ ስፌቱን ጨምሮበታል። እያንዳንዱ ዘርፍ የራሱ ጣጣ አለው። ጥጥ በሚፈተልበት አዳራሽ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ የሚያመጣው በሽታ ቢሲኖሲስ ይባላል። መለያው ደረትን ጨምቆ የሚይዘው ከእረፍት በኋላ ሥራ በተጀመረበት ቀን፣ ማለትም በአብዛኛው ሰኞ መሆኑ ነው። ሽመና ክፍል ጆሮ ይጎዳል። ቆዳ በሚለፋበት ቦታ ክሮም የሚባል ኬሚካል አለ፤ ፍሳሽ የተጠራቀመበት ጉድጓድ ውስጥም ሰውን በደቂቃ የሚጥል ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሊኖር ይችላል። የዱቄት ብናኝ አስም ያመጣል። ቢራ በሚፈላበት ጋን አጠገብ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማቻል። የዚንክ ጭስ የተነፈሰ ሠራተኛ ማታ ቤቱ ገብቶ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፤ ወባ ነው ብሎ ጤና ጣቢያ የሚሄድም አይጠፋም። ከፋብሪካ ወጥተን ደላንታ ብንሄድ ኦፓል የሚባለውን የጌጥ ድንጋይ ፍለጋ ገደል ሥር የሚምሱ ወጣቶች አሉ። እነሱ ዘንድ አንደኛው ጠላት ናዳው ነው፤ የጠባቡ ዋሻ አየርና የድንጋዩ ብናኝ ግን ማንም ሳይለካው ይኖራል።

ሴፍቲ ኦፊሰር እጅ የሚቆርጠውን ማሽን ያስከልላል፣ ሐኪም የታመመውን ያክማል። የሃይጅን ባለሙያው ድርሻ በሁለቱ መካከል ነው፦ ዛሬ የማያሳምም፣ ከዓመታት በኋላ ግን ሳንባና ጆሮ የሚወስደውን ነገር ቀድሞ ይለያል፣ መጠኑን ይለካል፣ ከምንጩ እንዲቀንስ ያደርጋል። ሕጉም ከጎኑ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከአንቀጽ 92 ጀምሮ አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነትና ጤና የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። የዓለም ሥራ ድርጅትን ስምምነት ቁጥር 155 ኢትዮጵያ የተቀበለችው ገና በ1983 ዓ.ም. ነው።

መመዘኛ አንድ፦ መለካት ያስተምራል?

ከሁሉም በላይ የምመዝነው ይህን ነው፤ ሌሎቹ መመዘኛዎች ተደምረው ይህን አያህሉም። ለምን እንደሆነ በአንድ ስሌት ላሳይ።

የአየር ናሙና ፓምፕ በሠራተኛው ቀበቶ ላይ ታስሮ፣ ማጣሪያው ከአንገቱ ሥር ኮሌታው ላይ ይሰካል። ፓምፑ በደቂቃ 2 ሊትር ይስባል እንበል። በ8 ሰዓት ፈረቃ፣ ማለትም በ480 ደቂቃ፣ 960 ሊትር ወይም 0.96 ሜትር ኪዩብ አየር አለፈበት። ማጣሪያው ከሥራ በፊትና በኋላ ሲመዘን 0.48 ሚሊግራም ጨምሮ ተገኘ። 0.48 ለ0.96 ሲካፈል በሜትር ኪዩብ 0.5 ሚሊግራም፣ ማለትም 500 ማይክሮግራም ይሆናል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኦሻ ለክር ፈተላ ያስቀመጠው የጥጥ ብናኝ ጣሪያ 200 ማይክሮግራም ነው። ታዲያ ፋብሪካው ከጣሪያው አልፏል?

በዚህ ብቻ አይታወቅም። የኦሻው ቁጥር የተመሠረተው ቨርቲካል ኤሉትሪዬተር በሚባል፣ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ትልልቁን ጭረት እየለየ በሚያስቀር መሣሪያ ላይ ነው። ኮሌታ ላይ በተሰካ ማጣሪያ የተለካ ጠቅላላ ብናኝ ከዚያ ቁጥር ጋር በቀጥታ አይወዳደርም። ይህን ልዩነት የማያውቅ ባለሙያ ወይ ፋብሪካውን ያለ ጥፋቱ ይከሳል፣ ወይ ጥፋተኛውን ነጻ ያወጣል።

የድምፅ ጉዳይም እንዲሁ ነው። የአሜሪካው የሙያ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም ናዮሽ የሚመክረው ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ሆኖ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ እንዲቀንስ ነው፦ በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 ዴሲቤል 2 ሰዓት። ኦሻ ደግሞ በሕግ ያስቀመጠው 90 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ሆኖ የሚያሳጥረው በየ5 ዴሲቤሉ ነው፤ በ95 ዴሲቤል 4 ሰዓት ይፈቅዳል። በናዮሽ ስሌት ግን 95 ዴሲቤል ውስጥ አንድ ሰዓት እንኳ መቆየት አይመከርም። የድምፅ መለኪያውን ማስተካከያ በየትኛው ላይ እንዳደረገ ሳያውቅ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው።

አሁን ወደ ማስተርሶቻችን እንመለስ። የሙያ ጤና ተብለው የሚሠሩ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች አንድ ዓይነት መንገድ ይከተላሉ፦ መጠይቅ ይዘጋጃል፣ ሠራተኛው «ክፍልህ አቧራ አለው ወይ?» ተብሎ አለ ወይም የለም ይላል፣ ዳታው ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ. የሚባል የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ይገባል፣ ተያያዥ ምክንያቶች ይዘረዘራሉ፣ መጨረሻ ላይ «አሠሪዎች ማስክ ያቅርቡ» ይባላል። ይህ የሥነ ተዋልዶ ጤናንም የወባንም ጥናት ለመሥራት የሚያገለግል ጥሩ የኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ስርጭት ጥናት) ልምምድ ነው። ተማሪው ግን ፓምፕ ሳይነካ የተመረቀ የሃይጅን ባለሙያ ይሆናል፤ ምጣድ ጥዶ እንደማያውቅ ጋጋሪ ማለት ነው።

ስለዚህ አንድን ትምህርት ክፍል ስትጠይቁ «ፕሮግራሙ አለ?» ብላችሁ አታቁሙ። ስንት ፓምፕ አላችሁ? የሚሠራው ስንቱ ነው? ፓምፑ በትክክል መሳቡን የሚያሳይ የፍሰት ማረጋገጫ አለው? ማጣሪያ የሚመዘንበት ሚዛን የት ነው? ባለፉት ዓመታት ከተመረቁት ውስጥ በመሣሪያ የለካ ተማሪ ጽሑፍ አሳዩኝ በሉ። የመጨረሻው ጥያቄ ብቻውን ብዙ ይነግራችኋል፤ የጽሑፉን «ዘዴ» ምዕራፍ ማንበብ በቂ ነው።

ሌሎቹ መመዘኛዎች

አማካሪው። ማስተርስ የሚማሩት ከሰው ነው። ፋብሪካ ገብቶ ናሙና የወሰደ አንድ አማካሪ ያለበት ትንሽ ትምህርት ክፍል፣ ስመ ጥር ሆኖ ሁሉም አማካሪ የእናቶችና ሕጻናት ጤና ላይ ከሚሠራበት ይሻላል።

ወጪው። ክፍያ ብቻ አይደለም። የሚቀር ደሞዝ፣ የቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርት፣ የጥናት ወጪ፣ የላብራቶሪ ክፍያ ይደመር። በዶላር የሚከፈል ነገር ካለ ደግሞ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የድሮውን ስሌት ቀድዳችሁ ጣሉት።

ዕውቅናው። መንግሥት ቤት ለሚሠራ ሰው ለደረጃ ዕድገት የሚቆጠረው ዲግሪ ነው። የአጭር ሥልጠና ምስክር ወረቀት ፋይል ውስጥ ይገባል እንጂ ደረጃ አያስጨምርም። የግል ፋብሪካና ዓለም አቀፍ ድርጅት ግን አንዳንዴ ከዲግሪው ይልቅ ሰርተፊኬቱን ይጠይቃል። ውጭ አገር የተገኘ ዲግሪ አገር ቤት በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በኩል አቻ ግምት ይሠራለታል፤ በኢንተርኔት የሚሰጥ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ባለሥልጣኑን ጠይቁ።

ኑሮው። ልጅ ያለው፣ የታመመ ወላጅ የሚያስታምም፣ ፈረቃ የሚሠራ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ መቀመጥ አይችል ይሆናል። መንገዱም አለ፤ በዚህ ሰሞን ከደሴ ወዴትም መመላለስ እንደ ድሮው ቀላል አይደለም።

አንደኛ አማራጭ፦ ወሎ ዩኒቨርሲቲ

የጤና ሳይንስ ኮሌጁ ደሴ ላይ ነው፤ የአካባቢ ጤና ትምህርት ክፍልም አለው። የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ ላይ፣ ከፋብሪካዎቹ ጎን ነው። በዚህ ሙያ ይህን ያህል ለፋብሪካ የቀረበ ዩኒቨርሲቲ በአገራችን ብዙ የለም። ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ ናሙና ሰብስቦ ማታ ደሴ መመለስ ይቻላል። ቤት፣ ምግብና ዘመድ ሁሉ እዚሁ ነው፤ ደሞዛችሁም ላይቋረጥ ይችላል።

ፈተናው መሣሪያው ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ዩኒቨርሲቲውም ፋብሪካዎቹም ዘረፋና ውድመት ደርሶባቸዋል። ስለዚህ ላብራቶሪውን በዓይናችሁ እዩ። ሌላው የትምህርቱ ሚዛን ነው። የሕብረተሰብ ጤና ወይም የአካባቢ ጤና ማስተርስ ውስጥ ውሃ፣ ፍሳሽ፣ ምግብና ቆሻሻ አወጋገድ ሰፊ ቦታ ይይዛሉ፤ የሥራ ቦታ አንድ ወይም ሁለት ኮርስ ሊሆን ይችላል። ክፍተቱን በመመረቂያ ጽሑፋችሁና ከታች በምገልጻቸው ሞጁሎች መሙላት ግድ ይላችኋል።

ለመሐንዲሶች አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይህን በር ስለማያየው ነው። ኮምቦልቻ በቴክስታይል፣ በኬሚካል ወይም በሜካኒካል የተመረቀ ሰው የግድ ወደ ጤና ሳይንስ መሻገር የለበትም። አደጋን ከምንጩ የሚቀንሰው የአየር መሳቢያው፣ የማሽኑ መከለያ፣ የሂደቱ ለውጥ ነው፤ ማስክ የመጨረሻው ነው። ጥጥ የሚያበጥረው ካርዲንግ ማሽን ላይ የብናኝ መሳቢያ ነድፎ፣ ከተከላው በፊትና በኋላ ያለውን ብናኝ ለክቶ የሚያሳይ የምህንድስና ማስተርስ ከመቶ መጠይቅ ይልቅ ለሠራተኛው ይጠቅማል። እንዲህ ያለውን ርዕስ የሚቀበል አማካሪ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ሁለተኛ አማራጭ፦ ጎንደር

ጎንደር በ1940ዎቹ ዓ.ም. የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም ከጤና መኮንኖችና ከኮሙኒቲ ነርሶች ጋር ሳኒታሪያን ያሠለጠነ ቦታ ነው። የዛሬው የአካባቢ ጤና ሙያ አያቱ እዚያ ነው ማለት ይቻላል። አሁን ዩኒቨርሲቲው የአካባቢና የሙያ ጤናና ደህንነት የሚል ትምህርት ክፍል አለው። የሥራ ቦታ ጤና እዚህ ከስሙ ጀምሮ የትምህርት ክፍሉ ግማሽ ስለሆነ ስለ ጩኸት፣ ብናኝና ሙቀት የሚወያይ የክፍል ጓደኛም መምህርም አይጠፋም።

ጉድለቱ ርቀቱ ነው። ከደሴ በወልዲያና በወረታ ዞሮ ጎንደር መድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ጉዞ ነው። ጥናታችሁን ኮምቦልቻ ላይ ለመሥራት ከፈለጋችሁ መሣሪያውን ተሸክማችሁ ትመጣላችሁ፤ አማካሪያችሁ ግን አብሮ ላይመጣ ይችላል። ሁለተኛ ዓመቱን ቤታችሁ ሆናችሁ ዳታ ለመሰብሰብ መቻላችሁን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ሦስተኛ አማራጭ፦ አዲስ አበባ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት ለዓመታት ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲና ከታንዛንያው ሙሂምቢሊ ጋር በሙያ ጤና ላይ ሠርቷል። ከዚህ ትብብር በሲሚንቶ ፋብሪካና በቡና ማበጠሪያ ብናኝ ላይ በመሣሪያ ተለክተው በዓለም አቀፍ መጽሔት የታተሙ ጥናቶች ወጥተዋል። ጽሑፎቹን አውርዳችሁ «ዘዴ» የሚለውን ክፍል አንብቡ፤ አገር ውስጥ ምን ያህል መሥራት እንደሚቻል ታያላችሁ፤ ኋላ ለራሳችሁ ጥናት መነሻ ይሆናችኋል። ወደ ፒ.ኤች.ዲ. መቀጠል ለሚያስብ ሰው ይህ ግንኙነት ዋጋ አለው።

አዲስ አበባ ላይ መሣሪያ አስመጪ፣ አማካሪ ድርጅትና የሥራ ሚኒስቴሩ አሉ። የቤት ኪራዩ ግን ከደሴ ጋር አይወራም። በግሉ ከፍሎ የሚማርና ደሞዙ የሚቋረጥበት ሰው ዋናው ወጪ የትምህርቱ ክፍያ አይሆንበትም፤ ሁለት ዓመት መኖሪያው ነው።

ለሦስቱም የአገር ውስጥ አማራጮች በተለምዶ ጋት የሚባለውን ብሔራዊ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። እንዲሁም ፕሮግራም በየዓመቱ ተማሪ ሊቀበል ወይም ሊዘል ስለሚችል፣ ከሬጅስትራር «ዘንድሮ ትቀበላላችሁ?» የሚለውን መልስ በጽሑፍ ወይም በማስታወቂያ ሳታገኙ ሥራ አትልቀቁ።

አራተኛ አማራጭ፦ ባህር ማዶ

የአሜሪካ ዲግሪ የሚያስብ ሰው ሁለት ነገር ይለይ። የሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤትን የሚያጸድቀው አካል ሌላ፣ የኢንዱስትሪ ሃይጅን ፕሮግራምን የሚያጸድቀው ሌላ ነው። የኋለኛውን የሚያደርገው አቤት የሚባለው ተቋም ሲሆን ያጸደቃቸውን ፕሮግራሞች ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ናዮሽ የሚደግፋቸው የትምህርትና ምርምር ማዕከላት የሚሰጡት የተማሪ ድጎማ ለአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ነው፤ ከደሴ የሚያመለክት ሰው በዚያ ተስፋ አድርጎ ዕቅድ አያውጣ። ያለ ድጎማ ደግሞ ወጪው በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ለእኛ መንገዱ ፉልብራይት የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ ወይም ከዩኒቨርሲቲው የሚገኝ የረዳትነት ሥራ ነው።

ኖርዌይ ነጻ ናት የሚለው ወሬ አሁንም በቴሌግራም ይዞራል፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. መኸር ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች ክፍያ አለ። እንግሊዝን ለሚያስብ ቼቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ሙሉ ወጪ ይችላል፤ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ስትጨርሱ አገራችሁ ተመልሳችሁ ሁለት ዓመት እንድትቆዩም ያስገድዳል። ደቡብ አፍሪካ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ እኔ ግን ከአሜሪካ በፊት የማየው እሱን ነው። የማዕድን ኢንዱስትሪው ሙያውን አሳድጎታል፤ ጆሃንስበርግ ያለው ዊትስ ዩኒቨርሲቲና ፖቸፍስትሩም ያለው ሰሜን ምዕራብ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ይሰጣሉ። እዚያ የሚለካው የሲሊካ ብናኝና የዋሻ ሙቀት ለእኛ ቁፋሮዎች ከአሜሪካ ቢሮ አየር ይልቅ ይቀርባል።

ሲ.አይ.ኤች. የሚባለው የአሜሪካ የሙያ ማረጋገጫ ዲግሪ አይደለም። ዲግሪ፣ የተወሰነ የሃይጅን ኮርስ ሰዓት፣ የአራት ዓመት የሥራ ልምድና ፈተና ይጠይቃል፤ በየአምስት ዓመቱም ይታደሳል። አገር ቤት ለመሥራት የግድ አይደለም። የባህረ ሰላጤው አገሮች ወይም ትልልቅ የነዳጅ ኩባንያዎች ውስጥ ለመቀጠር ለሚያስብ ግን ያኔ ይታሰብበት።

አምስተኛ አማራጭ፦ የኦ.ኤች.ቲ.ኤ. ሞጁሎች

ይህን አማራጭ የሚያውቀው ሰው ጥቂት መሆኑ ያስቆጨኛል። የሙያ ሃይጅን ሥልጠና ማኅበሩ ኦ.ኤች.ቲ.ኤ. በ2010 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። የኮርሶቹን መማሪያ መጽሐፍና ስላይድ ማንም ሰው ከድረ ገጹ በነጻ እንዲያወርድ ፈቅዷል። ሞጁል 201 መሠረታዊው ነው። ከዚያ በላይ ያሉት 500 የሚባሉት ናቸው፦ 501 ጎጂ ነገሮችን መለካት፣ 502 ሙቀትና ቅዝቃዜ፣ 503 ድምፅ፣ 504 አስቤስቶስ፣ 505 ጎጂ ነገሮችን መቆጣጠር፣ 506 ኤርጎኖሚክስ (ሥራን ለሠራተኛው አካል ማመቻቸት)፣ 507 ጎጂ ነገሮች በጤና ላይ የሚያመጡት ጉዳት። እያንዳንዱ አምስት ቀን ገደማ የሚወስድ ሆኖ ተግባራዊ ልምምድ አለው። ስድስት ሞጁሎችን በፈተና ያለፈ፣ የሥራ ማህደሩን ያቀረበና የቃል ፈተና የወሰደ ሰው ዓለም አቀፍ የሙያ ሃይጅን ሰርተፊኬት ያገኛል።

መጽሐፉ ነጻ ነው፤ ፈተናው ግን በተፈቀደ አሠልጣኝ በኩል ስለሚሰጥ ይከፈልበታል፣ ምናልባትም ናይሮቢ ወይም ዱባይ መሄድ ይጠይቃል። ፈተናውን ባትወስዱም እንኳ 201 እና 501ን ለብቻችሁ ማንበብ በብዙ ማስተርስ የማይሰጥ ዕውቀት ያስጨብጣል። ደሴ ሆኖ የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ የሚማር ሰው ከኮርሱ ጎን 501፣ 503 እና 505ን አንብቦ የመመረቂያ ጽሑፉን በልኬት ቢሠራ፣ በእኔ ግምት በገንዘብም በዕውቀትም ከሁሉም የተሻለው ጥምረት ይህ ነው።

ለመለማመጃ ደግሞ ናዮሽ ለአይፎን ብቻ የሠራው ነጻ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ አለ። ለሕጋዊ ሪፖርት አይሆንም። ሽመና ክፍልና መጋዘን መሀል ያለውን ልዩነት በቁጥር ለማየት ግን ከጓደኛ ስልክ ተውሶም ቢሆን መሞከር ነው።

ነቦሽና አዮሽ የሚባሉት ኮርሶችስ? ጥሩ የሴፍቲ አስተዳደር ኮርሶች ናቸው፤ ሥራ ለማግኘትም ይረዳሉ። መለካት ግን አያስተምሩም። የሃይጅን ማስተርስ ምትክ አድርጎ የሚሸጥላችሁ ካለ እለፉት።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ልኬት የመማር ዕድል | ለኮምቦልቻ ፋብሪካ ቅርበት | ዋናው ወጪ | ለመንግሥት ደረጃ | ሥራ ሳይለቁ |
|---|---|---|---|---|---|
| ወሎ (ጤና ሳይንስ) | በአማካሪውና በመሣሪያው ይወሰናል | በጣም ቅርብ | የትምህርት ክፍያ | ይቆጠራል | በአብዛኛው ይቻላል |
| ኮምቦልቻ (ምህንድስና) | መቆጣጠሪያ ላይ ጠንካራ | እዚያው | የፕሮጀክት ዕቃ | ይቆጠራል | ይቻላል |
| ጎንደር | የተሻለ ትኩረት | ሩቅ | ኑሮና ጉዞ | ይቆጠራል | ይከብዳል |
| አዲስ አበባ | የምርምር ልምድ አለ | 400 ኪሎ ሜትር ገደማ | የቤት ኪራይ | ይቆጠራል | ይከብዳል |
| ባህር ማዶ | ከፍተኛ | የለም | ያለ ስኮላርሺፕ የማይቻል | በአቻ ግምት | አይቻልም |
| ኦ.ኤች.ቲ.ኤ. | ከፍተኛ፣ ግን አጭር | ማንበቡ ቤት ውስጥ | ፈተናና ጉዞ፣ በዶላር | አይቆጠርም | ይቻላል |

ማን የቱን ይምረጥ?

የወረዳ ወይም የዞን ጤና ቢሮ ውስጥ የምትሠራ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ከሆንሽና ስፖንሰር ካገኘሽ ጎንደርን አስቀድሚ፤ ደሞዝሽ ስለማይቋረጥ የርቀቱ ወጪ ይቀንሳል። ስፖንሰር ከሌለ ደሴ ሆኖ ከሞጁሎቹ ጋር ማጣመር ይበልጣል። የስፖንሰር ውል የአገልግሎት ግዴታ ስላለው ከመፈረም በፊት ስንት ዓመት እንደሆነ፣ ከተቋረጠም ምን እንደሚያስከፍል ይነበብ።

የፋብሪካ ክሊኒክ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ከሆናችሁ ማስተርሱን አትቸኩሉበት። መጀመሪያ 201ን አንብቡ፤ የክሊኒካችሁን መዝገብ በሥራ ክፍል ከፍላችሁ ሳልና የደረት መጨነቅ ከየትኛው ክፍልና በየትኛው ቀን እንደሚበዛ ተመልከቱ። ማስተርስ ስትገቡ የጥናት ርዕሳችሁ በእጃችሁ ሆኖ ትገባላችሁ።

መሐንዲሶች ኮምቦልቻ ቆዩ። ከ505 ሞጁል ጀምሩ።

ዕድሜያችሁ ገና ከሆነ፣ እንግሊዝኛችሁ ጥሩ ከሆነና የሁለት ዓመት ልምድ ካላችሁ ቼቭኒንግንና ፉልብራይትን በየዓመቱ ሞክሩ፤ እስኪሳካ ግን የአገር ውስጡን አታቁሙ። ማመልከቻው ላይ «ፋብሪካ ውስጥ ይህን ለካሁ፣ ይህን አስቀየርኩ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከብዙ አመልካች ይለያል።

ማስተማር ወይም ምርምር የሚፈልግ አዲስ አበባን ይመልከት።

የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ወይም የሰው ኃይል ኃላፊ ለሆናችሁ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው፦ አንድ ሰው ሁለት ዓመት ማስተርስ እንልክ ወይስ ሁለት ሰው ለሞጁል? የሠራተኛ ቁጥራችሁ ጥቂት ከሆነና መሣሪያ ከሌላችሁ ሁለተኛው ያዋጣል። አንድ የናሙና ፓምፕ፣ የፍሰት ማረጋገጫውና አንድ የድምፅ መለኪያ ያለው 201ን የጨረሰ ሠራተኛ፣ መሣሪያ ከሌለው ማስተርስ ካለው ሰው የበለጠ ይሠራላችኋል። ማስተርስ ከላካችሁ ግን የጥናቱ ርዕስ የእናንተው ፋብሪካ እንዲሆን፣ ውጤቱም መጥፎ ቢሆን እንደማይታፈን በውሉ ላይ ይጻፍ። ፓምፑ ያለ ፍሰት ማረጋገጫ ከተገዛ የሚሰጠው ቁጥር አይታመንም፤ ሁለቱን በአንድ ግዢ ጠይቁ። የበጀት ዓመታችሁ ሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነም ጥያቄውን ሚያዝያ ላይ አስገቡት።